መንጋው ሲበዛ ርስቱ እንዳይጠፋ፤ ስለ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና ስለ ቅዱሳት መካናት አያያዝ

የካቲት 16 ቀን፥ እመቤታችን ከልጇ ከወዳጇ ከጌታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ የምሕረት ቃል ኪዳን የተቀበለችበትን ዕለት ለማክበር፥ ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያስባል። በመጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ነጭ የለበሰው ምእመን፥ ሽማግሌው በምርኩዙ፥ እናት ልጇን አዝላ፥ ድውዩ በዘመዱ ተደግፎ ዳገቱን ሲወጣ ማየት ሃይማኖት በዚህች አገር እንዳልቀዘቀዘ ምስክር ነውና። ቀጥሎ ግን ያስተዋለ እንደ ሆነ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ ዛሬ የመጣው ሕዝብ ከጥቂት ዓመት በኋላ እጥፍ ሆኖ ቢመጣ ቅጽሩ ይበቃዋልን? ቅጽሩን እናስፋ ብንልስ የሚቆረጠው ዛፍ፥ የሚፈርሰው ግድግዳ፥ የሚዘጋው መንገድ የማን ነው? በዚህ ትምህርታችን የምንመረምረው ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

ይህ የመሐንዲስና የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው እንጂ የመምህራን ትምህርት አይደለም የሚል ወንድም ቢኖር፥ የኦሪት ዘኍልቍን ምዕራፍ 35 እንዲመለከት እንለምነዋለን። እግዚአብሔር ለሌዋውያን የሚኖሩባቸውን ከተሞች እንዲሰጧቸው ባዘዘ ጊዜ ከተሞቹን ብቻ አላዘዘም፤ በዙሪያቸው ያለውን ማሰማሪያ ጭምር አዘዘ እንጂ። ከቅጥሩ ወደ ውጭ 1000 ክንድ፥ ዳግመኛም በምሥራቅ፥ በደቡብ፥ በምዕራብና በሰሜን በየወገኑ 2000 ክንድ ተለክቶ ከተማዪቱ በመካከል እንድትሆን ሥርዐት ሠራ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ የሌዋውያን ቤት ቢሸጥ የሚቤዥበትን መንገድ ካሳየ በኋላ፥ ማሰማሪያውን ግን ፈጽሞ እንዳይሸጡት ከለከለ። ይህ ልዩነት በጥልቅ ሊታሰብ ይገባዋል። ቤት ቢሸጥ ይመለሳል፤ ቢፈርስም ይሠራል። ባዶውን የተተወው መሬት ግን አንድ ጊዜ ቤት ከተሠራበት በኋላ ማን ያስለቅቀዋል? ካህናቱ የሚኖሩበት ስፍራ እንዳይጨናነቅ በገመድ ተለክቶ የተከለለው፥ ሕዝቡ ገና ርስቱን ሳይወርስና ቤት ሳይሠራ በፊት ነበረ።

እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ለሎንዶን ባወጡት ፕላን፥ በከተማዪቱ ዙሪያ ቤት የማይሠራበት አረንጓዴ መቀነት እንዲኖር ባሳሰቡ ጊዜ ዓለም ሁሉ አድንቋቸዋል። እኒሁ ሰው በ1948 ዓ.ም. ግድም ለአዲስ አበባም ፕላን አውጥተዋል። አሳቡ መልካም ነው፤ የሌዋውያንን ማሰማሪያ ያነበበ ሰው ግን እንደ አዲስ ነገር አይቈጥረውም።

ከመጻሕፍት ቀጥሎ ደግሞ እንጦጦ ራሱ መምህር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በዚህ ተራራ ላይ ባደረጉ ጊዜ ስፍራው ለጦር ጥበቃ የሚመች፥ አገሩንም አሻግሮ የሚያሳይ ነበር። ቅድስት ማርያምንና ቅዱስ ራጉኤልን በዚያ አሠሩ። ነገር ግን ሠራዊትና መኳንንት፥ ነጋዴና ባለ እጅ በተሰበሰበበት ስፍራ ሁሉ ለምግብ ማብሰያና ለቤት መሥሪያ እንጨት ያስፈልጋል፤ በተራራውና በዙሪያው የነበረውም የጽድና የወይራ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ተጨፈጨፈ። ብርዱም ጽኑ ነበረ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ሜዳውን ስለ ወደዱት በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሰየሟት፤ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ተከትሎ ወረደ። ይሁን እንጂ ተራራው ክብሩ አልተወሰደበትም፤ ንጉሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነው።

ከተማው ከወረደ በኋላም ያው ችግር ተከተለው። እንጨት ከሩቅ እየመጣ ስለ ተወደደ በ1893 ዓ.ም. ግድም ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ግንባታው ተጀምሮ ነበር፤ ያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት በኋላ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። አዲስ አበባን በስፍራዋ ያጸናት ከባሕር ማዶ የመጣው፥ ቶሎ የሚያድገውና ቢቈረጥ እንደ ገና የሚያቈጠቍጠው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው አብዛኛው ዛፍ የዚያ ዘመን ትካይ ዘር ነው።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ከተማው ተራራውን ጨርሶ ወደ ሜዳ ወረደ። አሁን ደግሞ ከተማው ከሜዳው ወደ ተራራው ተመልሶ በመውጣት ላይ ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2 ሚሊዮን 112 ሺህ ያህል ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ግን 2 ሚሊዮን 739 ሺህ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በዐሥራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ተጨመረ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ መጨመሩ አልተቋረጠም። በሰሜን ተራራው ስላለ ሰው የሚሰፋው በየሸለቆውና በየዳገቱ ሽቅብ ነው። የየካና የእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት ትናንት በዱር መካከል ለብቻቸው የቆሙ ነበሩ፤ ዛሬ ብዙዎቹ የሰፈር ጎረቤት ሆነዋል።

መብዛት ኀጢአት አይደለም፤ በረከት ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 ደቀ መዛሙርት በበዙ ጊዜ ማጕረምረም እንደ ተነሣ እናነባለን፤ ሐዋርያት ግን ስለ መብዛቱ አላዘኑም፥ ለበዛውም ሕዝብ ሥርዐት ሠሩ፥ ሰባት ዲያቆናትንም መርጠው በማዕድ አገልግሎት ላይ ሾሙ። በእኛ ዘንድ የሚታየው ችግር ግን መብዛቱ መጥቶ ሥርዐቱ ሳይመጣ መቅረቱ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ አንዱ ቸር ሰው አዳራሽ ይሠራል፤ ሌላው የጥምቀት ቤት ያሠራል፤ ሦስተኛው በአጥሩ ዙሪያ ሱቅ ይከፍታል፤ መቃብሩም በየአቅጣጫው ይስፋፋል። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ግን አባቶች የተከሉት ዐፀድ የለም፤ መዘምራኑ በንግሥ ቀን የሚዞሩበት ስፍራም ጠብቧል። ይህን ጥፋት የሠራው ጠላት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንን የሚወዱ ሰዎች በፍቅር የሠሩት ነው። ለዚህም ነው ከሌላው ጥፋት ይልቅ ለመገሠጽ የሚያስቸግረው።

ስሙን በማንጠራው አንድ አጥቢያ የደረሰውን ልንናገር እንወዳለን። የነበረው ክብ ቤተ ክርስቲያን በጭቃና በድንጋይ የተሠራ፥ ምሰሶው ጽድ፥ የመቅደሱ ዙሪያ በሸራ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች የተለበጠ ነበር። ምእመናኑ ስለ በዙ፥ በዝናም ጊዜም ብዙዎች ከደጅ ስለሚቀሩ፥ ገንዘብ ተሰበሰበና አሮጌው ፈርሶ በዚያው መሠረት ላይ ትልቅ የሲሚንቶ ሕንጻ ቆመ። በተመረቀበት ቀን በዚያ ነበርን፤ ደስታውንም ተካፍለናል። በኋላ ዕቃ ቤቱን ስንጎበኝ ግን ሥዕሎቹ ተጠቅልለው ከሲሚንቶ ከረጢት በታች ወድቀው፥ አይጥም ዳር ዳሩን በልቷቸው አገኘናቸው። አብሮን የነበረው አንድ አረጋዊ መሪጌታ ምንም አልተናገሩም፤ ከረጢቱን አንሥተው አንዱን ሥዕል ዘርግተው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 የአዲሱ ቤተ መቅደስ መሠረት በተጣለ ጊዜ ወጣቶቹ እልል ሲሉ የቀድሞውን ያዩ ሽማግሌዎች እንዳለቀሱ፥ የልቅሶውና የእልልታውም ድምፅ እንዳልተለየ የተጻፈው ያን ጊዜ ትዝ አለን። በዕዝራ ዘመን ግን አሮጌውን ያፈረሰው የባቢሎን ንጉሥ ነበር። እኛ ያፈረስነው ራሳችን ነን።

ታዲያ ሕዝቡ በዝናም ይደብደብ ማለታችን ነውን? አይደለም። መፍትሔውን አክሱም ጽዮን አሳይታናለች። አፄ ፋሲለደስ ያሠሩት የ17ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ሕዝብ ስላልያዘ፥ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ በ1957 ዓ.ም. ተመርቋል። አዲሱ የተሠራው ግን ከአሮጌው ጐን ነው እንጂ በአሮጌው መቃብር ላይ አይደለም። ሁለቱም ዛሬ ቆመው ይታያሉ፤ አገልግሎቱም አልተቋረጠም። የአዲሱ ሕንጻ መልክ ለሁሉ ሰው ዐይን ላይስማማ ይችላል፤ እኛም በዚያ ጕዳይ አንከራከርም። ዋናው ነገር የቀድሞው አለመነካቱ ነው። በ1956 ዓ.ም. የዓለም የሕንጻ ሊቃውንት በጣልያን አገር በቬኒስ ተሰብስበው የተስማሙበት ውል ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ጥንታዊ ሕንጻ ከቆመበት ስፍራና ከዙሪያው ሊነጠል እንደማይገባ፥ የሚጨመረውም አዲስ ሥራ ከጥንቱ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚገባ ወስነዋል።

በአገራችንም ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፥ ቍጥሩ 209፥ ቅርስ የሆነ ሕንጻ ሲጠገን አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ብዙ አስተዳዳሪዎች ይህን አዋጅ የሚሰሙት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ፈቃድ መጠየቅ ሥራ ያዘገያል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ ያዘገያል። ባለሙያው ግን እኛ የማናየውን ያያል። ለምሳሌ በጭቃ ወይም በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ እየተነፈሰ ይኖራል። ሲሚንቶ በተለሰነበት ጊዜ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል፥ ሥዕሉም ይላቀቃል። ሰው ግድግዳውን አበረታሁ ሲል አፈነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሠረቱን እንዳይበላው አሸንዳ ማበጀትና ቦይ መቅደድ በጣም ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፥ ለስሙ የሚመዘገብለት በጎ አድራጊ ስለማይገኝ ሳይሠራ ይኖራል።

መብዛት ብቻም አይደለም የሚያጠፋው፤ መረሳትም ያጠፋል። በዚያው በየካ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ለዚህ ምስክር ነው። በትውፊት ለአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ይሰጡታል፤ የታሪክ ሊቃውንት ወደ ኋለኛው ዘመን ያመጡታል። ዘመኑ የትኛውም ቢሆን እንዲህ ያለ የድንጋይ ጥበብ በዋና ከተማችን ጫፍ ተሰባብሮ መታየቱ የሚያሳዝን ነው።

አሁን ከሕንጻው ወደ ውሃው እንሻገር፤ ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጕዳይ ነውና። ሕዝቡ ዳገቱን የሚወጣው ስለ ጠበሉ ነው። ጠበል በእግዚአብሔር ቸርነት ይፈውሳል፤ ውሃው ግን ከሰማይ ዘንቦ በተራራው አፈር ሰርጎ የመጣ ውሃ ነው። የእንጦጦ ተራራ የውሃ መለያያ ነው፤ በሰሜን በኩል የዘነበው ወደ ዓባይ፥ በደቡብ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቀበናንና ቀጨኔን የመሰሉት የከተማው ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት በሣርና በዛፍ የተሸፈነ እንደ ሆነ ዝናሙ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፥ ምንጩም በበጋ አይደርቅም። መሬቱ የተራቈተ እንደ ሆነ ግን ዝናሙ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፥ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። በዚያው ከምንጩ በላይ ቤት ተሠርቶ የመጸዳጃ ጕድጓድ የተቈፈረ እንደ ሆነ ደግሞ የጕድጓዱ እድፍ በአፈር ውስጥ ወርዶ ከምንጩ ጋር ይገናኛል።

ይህን ስንል ድፍረት አድርጎ የሚቈጥርብን እንዳይኖር እንፈራለን። ነገር ግን ጽዋውን የሚያጥበው ዲያቆን ቅዱሱን ነገር ተጠራጥሮ አይደለም፤ አክብሮ ነው። እንደዚሁም ከጠበል ምንጭ በላይ ያለውን መሬት ማጠር፥ በዚያ ቤትና መጸዳጃ ከብትም እንዳይኖር መከልከል ለጠበሉ የሚገባው ክብር ነው። ማንኛውም ጠበል ያለው አጥቢያ ካርታ ሲያስወጣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊከልለው የሚገባ ስፍራ ይህ ይመስለናል። የመጠመቂያው ቤት ቢጠብ ይሰፋል፤ ምንጩ ከተበከለ ግን የሚሰፋ ነገር የለም።

ሕዝብ በጠበል ዙሪያ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን ጎረቤቱ እንጦጦ ማርያም ዐይቶታል። በ1990ዎቹ ዓመታት በኤች አይ ቪ የተያዙ እጅግ ብዙ ሕሙማን ወደዚያ ጠበል መጥተው በተራራው ላይ ክፍል እየተከራዩ ለብዙ ወራት ይቀመጡ ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፥ አንዱም ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ማስተማራቸው ለብዙ ሰው ሕይወት ሆነ። ከእኛ አሳብ ጋር የሚገናኘው ግን የሕሙማኑ ማደሪያ ነው። በጠበሉ አጠገብ የመጣው ሰው በአንድ ቀን ተጠምቆ የሚመለስ እንግዳ ብቻ አልነበረም፤ ቤት፥ ውሃ፥ መጸዳጃ፥ የሚያስታምም ሰውም የሚሻ ነበር። አጥቢያው ይህን አስቀድሞ ካላሰበ፥ ማደሪያውን የሚያዘጋጀው ችግር ነው፤ ችግር ደግሞ የሚሠራው ቤት በተገኘው ስፍራ፥ ብዙ ጊዜም ከምንጩ በላይ ነው።

ስለ ዛፉ ረጅም ነገር አናበዛም። ባሕር ዛፍ ከተማችንን ያዳነ ባለውለታ ነው፤ ሆኖም ውሃ ይጠጣል፥ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አያበቅልም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ የአገሩን ዛፍ፥ ጽዱን፥ ወይራውን፥ ኮሶውን ለመመለስ የደከመው ስለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ይህን ትምህርት ከማንም ልትቀበል ባልተገባት ነበር፤ በየገጠሩ የአገር ዛፍ ተርፎ የሚገኘው በዐፀዷ ውስጥ ነውና። በደቡብ ጎንደር የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን ካጠኑ በኋላ፥ ካህናቱና ገበሬዎቹ ከእርሻቸው በለቀሙት ድንጋይ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ዙሪያ ካብ ክበዋል። ካቡ ከብቱን ከለከለ፤ ቡቃያውም ማደግ ጀመረ፤ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ። ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል ጠቃሚ ሥራ ጥቂት አይተናል።

ለአንድ አፍታ ስለ ቃሉ እንናገር። ዛሬ በየአጥቢያው የልማት ኮሚቴ አለ። ለማ ማለት በቀደመው አነጋገር ማሳው አረንጓዴ ሆነ፥ ከብቱ በዛ፥ አገሩ ደስ አለው ማለት ነው። ዐፀዱ ተቈርጦ፥ አጥሩ ፈርሶ ዙሪያው ሁሉ ሱቅ ሲሆን ለማ ማለት ከቃሉ ጋር መጣላት ነው። ይሁን እንጂ በኮሚቴዎቹ ላይ ድንጋይ አንወረውርም፤ ችግራቸውን እናውቃለንና። የካህናቱ ደመወዝ፥ የመብራቱ ሒሳብ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጪ በምጽዋት ብቻ አይሸፈንም፤ የሱቁ ኪራይ ግን ወር በገባ ቍጥር ይመጣል። ለዚህ ተገቢው ነገር ሱቅ አይሠራ ብሎ መፍረድ አይመስለንም፤ የት ይሠራ ብሎ መጠየቅ ነው። በአንድ ወገን፥ በመንገዱ በኩል፥ ከመግቢያው በር ራቅ ብሎ፥ ከአጥሩ ዛፍ ሳይቈረጥ ከተሠራ ገቢውም ይገኛል፥ የቅጽሩም ጸጥታ አይደፈርም።

አሁን ግን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር፤ ይኸውም በዙሪያው ስለሚኖሩት ድኾች ነው። ቅርስ እንጠብቅ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ድንጋዩን ሲጠብቁ ሰውን ይረሳሉ። ከእንጦጦ ዳገት የጭራሮና የቅጠል ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ደኑ ተጠበቀ ማለት ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ተዘጋ ማለት ሊሆን ይችላል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ በተከፈተ ጊዜ ከእንጨት ተሸካሚዎቹ ለአንዳንዶቹ በዚያ ሥራ እንደ ተሰጣቸው ተነግሯል፤ እንዲህ ያለው አሳብ የሚመሰገን ነው። በላሊበላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ጭሱና ፍሳሹ ድንጋዩን ይጐዳ ነበርና። ነገር ግን ሌሊት ደወል ሲሰማ ነጠላውን አጣፍቶ በጥቂት እርምጃ ኪዳን ይደርስ የነበረው ሽማግሌ ከሩቅ ሰፈር እንዴት ይድረስ? ቤተ ክርስቲያን ያለ አጥቢያዋ ሰው የምትጐበኝ ሙዚየም ትሆናለች። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለኮሪደር ልማት ፒያሳና ሌሎችም አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሰንበቴው፥ ዕድሩና ማኅበሩ አብሮ ተበትኗል። መንገዱ ሰፍቶ፥ መብራቱ ደምቆ ይታያል፤ የተበተነውን ሰንበቴ ግን የሚመልሰው የለም።

እንግዲህ የእንጦጦ አጥቢያዎች የቅጽራቸውን ክልል በሚያስከብሩበት ጊዜ አስቀድመው በዚያ ተጠግቶ የሚኖረውን ሰው ይቍጠሩ፤ ከምንጩ በላይ ያለው ቤት መነሣት ግድ ቢሆን እንኳ ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያው አጥቢያ ሌላ ማደሪያ ሳታዘጋጅለት ተነሥ አትበለው። አራት መበለቶችን ከአንድ ዳገት አንሥቶ በዚያ ጽድ መትከል ዛፍ መትከል ሊሆን ይችላል፤ ጽድቅ ግን አይሆንም።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ማን ነው ብንል፥ ሥልጣኑ ያለው አካል ዘንድ አንቸገርም። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ካህናትና ምእመናን አንድ ሆነው በሰበካ ጉባኤ አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ ሠርቷል። ጉባኤው የገንዘብ ሒሳብ እንደሚይዝ ሁሉ የስፍራውንም ሒሳብ ሊይዝ ይችላል። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመለከተ፤ ሕዝቡን ሰብስቦ እንሥራ ያለው ዐይቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። በምዕራፍ 3 ደግሞ እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር ያለውን እንደ ጠገነ እናነባለን። ዳዊትም ለልጁ ለሰሎሞን ወርቁን ብቻ አልሰጠውም፤ የመቅደሱን፥ የዕቃ ቤቱንና የአደባባዩን ንድፍ አስቀድሞ ሰጠው።

ስለዚህ አንድ አጥቢያ ምንም ገንዘብ ሳይሰበስብ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ። አስተዳዳሪው፥ አንድ አረጋዊ ካህን፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ወጣቶች፥ ከሰበካ ጉባኤውም አንድ ባለሙያ ገመድና ደብተር ይዘው ቅጽሩን ይዙሩ። የጥንቱ ሕንጻ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ፥ ስንት ጽድና ስንት ወይራ እንዳለ፥ ምንጩ በየት እንደሚመነጭና ከበላዩ ምን እንዳለ፥ መቃብሩ የት እንደ ደረሰ፥ ዑደቱ በየት እንደሚዞር ይጻፉ። አረጋዊው ካህን ከቀድሞ የነበረውንና ዛሬ የሌለውን ይናገሩ፤ ያም ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ የማይነካውን በቀይ፥ ለአዲስ ሥራ የተፈቀደውን በሰማያዊ ይለዩ። ይህም ለሀገረ ስብከቱና ለክፍለ ከተማው ተልኮ አንዱ ግልባጭ በዕቃ ቤቱ ይቀመጥ፤ በጎ አድራጊው መጥቶ አዳራሽ ላሠራ ባለ ጊዜ አስተዳዳሪው ከዐይነ ውሃው አፍረው እሺ እንዳይሉ፥ ወረቀቱን አውጥተው ስፍራውን ያሳዩታል።

ለዚህ ዙረት ወሩን የሚመርጥ ቢኖር ሐምሌን እንመክራለን። የክረምቱ ዝናም ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፥ ጎርፉ ከየትኛው ዳገት እንደሚገባ፥ ከምንጩ በላይ ያለው ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ፥ ምንም ሳይጠየቅ ለሚዞሩት ሁሉ ያሳያቸዋል።